የኔታ ይስማው ዝም ያሉበት ጽጌ

ከእናንተ ከአንባቢዎቼ የምደብቀው ነገር የለኝምና ይቺንም ጉዴን ልንገራችሁ። ባለፈው ጥር ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ አፌ ተከፍቶ ቀረ።

የምሬን ነው። ድንኳኑ ጸጥ ብሏል፤ ቄሱ ለማጽናናት ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው፤ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የሽምብራ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ድንገት ከጆሮዬ ሥር "ቋ!" አለ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ዘወር ብለው አዩኝ። አፌን ልዝጋ ብል እምቢ፣ ልክፈት ብል እምቢ። ከሕመሙ ብዛት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጉዱን ያፈላው ይኸው እንባ ነው። ሟቹን በሕይወቴ አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም፤ የሄድኩት የሥራ ባልደረባዬን ላጽናና ነው። ለቀስተኛው ግን "አዬ፣ ሐዘኑ ገና አሁን ገባት" ብሎ ከበበኝ። "አይዞሽ እህቴ! በቃ፣ በቃ!" አንዷ ውሃ ረጨችብኝ። የሟቹ ባለቤት ጥቁር እንደለበሱ ተነሥተው እኔን ሊያጽናኑ መጡ! መሬት በተከፈተችልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ የተከፈተው ግን የእኔ አፍ ብቻ ነበር።

ያዳነችኝ ከኋላዬ የተቀመጠች ቀጠን ያለች ሴት ናት።

"አትታገይው" አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። "ትከሻሽን ጣል አርጊው። ምላስሽን ላንቃሽ ላይ አስጠጊ። አሁን ቀስ።" ሁለት ጣቷን ከጆሮዬ ፊት አሳርፋ መንጋጭላዬን ወደ ታች ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ገባ።

"ሐኪም ነሽ እንዴ?" አልኳት መናገር ስጀምር።

"ኧረ እኔ! ቤሩት ሰው ቤት ነው የኖርኩት" ብላ ሳቀች። "ይቺን የተማርኳት በደብዳቤ ነው።"

መሲ ትባላለች። በማግሥቱ ቤቷ ጠርታ አንድ የቢስኩት ቆርቆሮ ከፈተችልኝ። ውስጡ እሷና አጎቷ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች አሉ፤ የእሷንም አጎቷ አስቀምጠው መልሰውላታል። አጎቷ መሪጌታ ይስማው ይባላሉ፤ አምበር ላይ ድጓ፣ ማለትም የዓመቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። አባቷ ከሞተ በኋላ ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው ወለተ ኢየሱስ ናቸው። የሁሉንም ፈቃድ ይዣለሁ። ሰላምታውን ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ የቀረው የራሳቸው ነው።

*

አምበር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሲ፣

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ። ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ በደኅና ይድረስሽ። ያለሽበትን አገር አየሩን እንደ አምበር አየር፣ ሰዉንም እንደ ሥጋ ዘመድ ያድርግልሽ። እኛ ስሙ ይክበርና ደኅና ነን። ትንሣኤን በሰላም ዋልን። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎልናል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጎረቤታችን አንሙት ሁለተኛ ልጁን ድሯል፤ ሙሽራዋ ከአማኑኤል ናት።

በእኔ በኩል ለወሬ የሚበቃ የለም፤ ጥርሴን ትንሽ አሞኛል። በሁዳዴ ነው የጀመረኝ። ከግራ ጆሮዬ ሥር ይጠዘጥዘኛል፣ ሳላምጥ ቋ ይላል፣ ጧት ስነሣ አፌ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልከፈት ይለኛል። በሆሣዕና ከፍ ያለውን ዜማ ሳነሣ አፌ እግማሽ ላይ ቆመ። ተማሪዎቹ ልፈትናቸው ያቆምኩ መስሏቸው ተቀብለው ቀጠሉ። እኔም የፈተንኳቸው መስዬ ዝም አልኩ። ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ፈንታ ግን ጆሮው ቀጭን ነው። "የኔታ፣ እስከ ጽጌ ድምፅዎ ካልተመለሰ በደጀን በኩል አንድ መምህር አለ፤ ለጊዜው ይተካዎታል" አለኝ። የእሱን "ለጊዜው" አንቺም ታውቂዋለሽ። አርባ ተማሪ አለኝ። ተማሪ የሚያድር ከመምህሩ ጥላ ሥር ነው፤ መምህሩ ከወንበሩ ከተነሣ እንደ ወፍ ይበተናል። ጽጌ መስከረም 26 ይገባል፤ አርባ ቀን የማኅሌት ጊዜ ነው።

ማርቆስ ከመናኸሪያው በላይ አዲስ የግል የጥርስ ክሊኒክ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ብቻውን ይነሣል፣ ብቻውን ይተኛል ይላሉ። የመንግሥቱም ሆስፒታል አለ፤ ግን መሪጌታ ይስማው ካርድ ይዞ ከሰው ሲጋፋ ታየ እንዲባል አልወድም። ቢቻልሽ የምትረጂኝን እርጂኝ። ካልተቻለሽም አይክፋሽ።

ለጽጌ እመጣለሁ ስላልሽ ወለተ ኢየሱስ ቀኑን በጣቷ ነው የምትቆጥረው።

አባትሽ ይስማው

*

ቤሩት፣ ግንቦት 23 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለየኔታ፣

ጉልበትዎን ስሜ፣ እትዬ ወለተን አቅፌ፣ ከእጃችሁ ቡራኬ ተቀብዬ ልጀምር። እኔ በጸሎታችሁ ደኅና ነኝ። የምሠራላት ማዳም ናዲያ ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ደግ ናት፤ ትቆጣለች ግን ወዲያው ትረሳዋለች። ሳሎኗ ውስጥ በመስታወት ሣጥን የተቀመጡ ከጄሶ የተሠሩ ጥርሶች አሉ። የሟች ባሏ ሥራ ይመስለኛል። በየሳምንቱ አቧራቸውን አራግፋለሁ፤ እነሱ ይሥቁብኛል፣ እኔም እሥቅባቸዋለሁ።

የኔታ፣ ስለ ጥርስዎ ደጋግሜ አነበብኩ። ገንዘቡን በባንክ ልኬዋለሁ። ወደ ግሉ ይሂዱ፤ ሰልፍ የሚባል እንዳያስቡ። ለእርስዎ ነፃ ነገር አይገባም። ውድ ይሁን ብቻ፣ ደኅና አድርጎ ይሥራልዎት።

ልብስ ሳጥብ ዜማዎን አንጎራጉራለሁ። ልጅ ሆኜ እንጨት ለቀማ ብዬ ወጥቼ ከጉባኤ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። ትምህርቱ ለሴት ልጅ ስለማይሰጥ አልጠየቅሁም። ዛሬ ሩቅ ስለሆንኩ ደፍሬ ጻፍኩት፤ አይቆጡኝ።

ስለ መምጣቴ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ልጅዎ መሲ

*

አምበር፣ ሰኔ 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሲ፣

የሰማይ አባት በወጣሽበት ይመልስሽ፣ የሰጠሽ እጅሽም አይንጠፍ። የላክሽው ደርሷል። እኔም ደርሻለሁ፤ ክሊኒኩ ማለቴ ነው። መሲ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ! መሬቱ ነጭ ሸክላ ነው፣ ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል በሩ ላይ ያለችው ልጅ ሳቀች። ወንበሩ እውነትም እንደተባለው ነው፤ ተቀመጥኩ፣ ሳላስበው ተጋደምኩ። ከላይ መብራቱ እንደ እኩለ ቀን ፀሐይ ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ አልጠበቅሁም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጥሩ ጠባይ አለው። "የኔታ፣ የቱ ነው?" አለኝ። አመለከትኩት።

ሥራው በደንብ ተሠርቷል። ለተጨማሪ ሥራ ሐምሌ 28 ቀጥሮኛል። ትንሽ የሚጨመር ካለሽ፣ ከሌለሽም እንዳትጨነቂ።

ያንን ስለ ግድግዳው የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

አባትሽ ይስማው

መሲዬ እኔ ወለተ ኢየሱስ ነኝ። ፖስታውን ላሽግ ብዬ ተቀብዬው ነው። በመሠረተ ትምህርት በተማርኳት ጽሕፈት ነውና በፊደሌ አትሣቂብኝ። እሱ አይነግርሽም። የተሠራው ሥራ ሁለት መንጋጋ መነቀል ነው። ሕመሙ እንደነበረ ነው፤ አንዲት ፍሬ አልቀነሰም። ሦስተኛውን ሊያስነቅል ነው ቀጠሮው። የተነቀሉትን አጥቤ አየኋቸው። እንደ ተለቀመ ባቄላ ናቸው፤ ነቀዝ የሚባል የለባቸውም። በጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ። አጥሚት ብቻ ነው የሚጠጣ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የላክሽው የመምጫ ቲኬትሽን ገንዘብ ነው? እውነቱን ጻፊልኝ።

*

ቤሩት፣ ሐምሌ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

የኔታ፣ ሰላምታዬን በልብዎ ይቀበሉኝ፤ ዛሬ ቸኩያለሁ። ሦስተኛውን እንዳያስነቅሉ! ይህ ደብዳቤ ከሐምሌ 28 በፊት እንዲደርስ ስለት ተስያለሁ።

ደብዳቤውን ያነበብኩ ቀን ሳሎን ሆኜ ጥርሶቹን ስወለውል እንባዬ ያዘኝ። ማዳም አየችኝ። "አንቺ፣ ጥርሶቼን በእንባ ነው የምታጥቢው?" አለችኝ። ጥርሶቼን! ባሏ ጨርቅ ነጋዴ ነበር ለካ። የጥርስ ሐኪም እሷ ናት፣ አርባ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አራት ዓመት ሙሉ አብሬያት ስኖር አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ሁሉንም ነገርኳት። ጥርሶቹ ጤነኛ ነበሩ ስላት ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ "ትንሿን ጣትሽን ጆሮሽ ውስጥ አድርጊ፤ አፍሽን ክፈቺ፣ ዝጊ" አለችኝ። የኔታ፣ እባክዎ አሁን ያነበቡበት ቦታ ሆነው ያድርጉት። ተሰማዎት? ያ ከጣትዎ ሥር እየተንሸራተተ የሚሄደው የመንጋጭላ መገጣጠሚያ ነው። እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፤ አፍ ሰፋ ብሎ ሲከፈት ደግሞ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከሰውነታችን እንዲህ ሁለቱንም የሚያደርግ ብዙ የለም አለችኝ። የግራውና የቀኙ ተነጋግረው ነው የሚሠሩት። እሱ ሲታመም ሰው ጥርሴን ይላል፤ ሕመሙ ወደ ጥርስ ስለሚወርድ።

"የግሉ ይሻላል የመንግሥቱ?" አልኳት። "እኔ ጧት የመንግሥት ቤት እሠራ ነበር፣ ከሰዓት በራሴ ክሊኒክ" አለችኝ። "ከሰዓት ብዙ ማሽን ነበረኝ። ይህንን ሕመም የምለየው ግን ጧትም ከሰዓትም በሁለት ጣቴ ነበር። ጊዜ ሰጥቶ የሚዳስሰው ሰው ይፈልግ በይው።"

የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ውድ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ የገፋሁዎት እኔ ነኝ። እባክዎ ወደ ሆስፒታሉ ይሂዱ፤ ሰልፉን ለእኔ ሲሉ ይቁሙልኝ።

ለጽጌ አልመጣም። ምክንያቱ የሥራ ነው።

ልጅዎ መሲ

*

አምበር፣ ነሐሴ 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሲ፣

ጾመ ፍልሰታን ለምንፈጽምበት ቀን ላደረሰን ምስጋና ይሁን። የአንቺንም ጾም ይቀበልልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ነሐሴ 4 ነው። አትደንግጪ፤ ሦስተኛው ጥርሴ አፌ ውስጥ ነው። ሐምሌ 28 ሄጄ ነበር። መብራት ጠፍቶ ዋለ። ያ ብቻውን የሚተኛ ወንበር ለካ መብራት ከሌለ አይተኛም! "ነሐሴ 18 ይመለሱ" ተብዬ ወጣሁ። በመካከሉ ደብዳቤሽ ገባ።

ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ አደረግሁ። መሲ፣ ስድሳ ሦስት ዓመት ይህን ነገር ተሸክሜ ስዞር አላውቀውም ነበር። ደጋግሜ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ተማሪዎቹን ጠርቼ ሁላችሁም አድርጉ አልኳቸው። አርባ ሰው ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አስቢው! በመንገድ የሚያልፍ ገበያተኛ ቆሞ አማተበ። ከተማሪዎቼ ታላቁ እንዳላማው "የኔታ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስናዜም ይህ እየሄደ እየተመለሰ ነበር?" አለኝ። አንዱን ሃሌ ሉያ ለማንሣት ስንት ጊዜ ሄዶ ይመለስ ይሆን? ዘይት ሳይጠይቅ፣ ሳይጮህ።

ሆስፒታሉ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያዋ ሥልጠና ሄዳለች ተባልኩ። ነሐሴ 12 ተመለስኩ። ከንጋት እስከ ስድስት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የፈራሁት ሰልፍ ነው፤ ሰው ግን ቦታውን ሊለቅልኝ ተጣላ፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። አንድ የደጀን ሹፌር "አባቴ፣ እዚህ የመጣ ሁሉ ጉንጩን ይዟል፤ ማን ማንን ያማል?" አለኝ።

ባለሙያዋ ሲስተር ሥራነሽ ትባላለች። ክፍሏ ጠባብ ነው፣ ወንበሩ በእግር ነው የሚነሣው። ጥርሴን አይታ አለፈችው። ከዚያ ሁለት ጣቷን ከጆሮዬ ፊት አሳርፋ፣ "ይክፈቱ። ይዝጉ። ቀስ" አለችኝ። ሴት ፊቴን ስትይዘኝ ደንገጥ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍናለች። ስታዳምጥ ነበር፣ በጣቷ! ሰው በጣቱ ሲያዳምጥ ያን ቀን አየሁ።

"የኔታ፣ ጥርስዎ ደኅና ነው። መገጣጠሚያው ነው። አፍዎ ሲከፈት ወደ ግራ ይጣመማል" አለችኝና ጣቶቼን ደርድራ አፌ ውስጥ ለካች። "ሦስት ጣት መግባት ነበረበት፤ የእርስዎ አንድ ተኩል ነው። አርባ ቀን ዜማ የለም። ለስላሳ ምግብ፣ የሞቀ ጨርቅ። ጧትና ማታ መስታወት ፊት ትከሻዎን ጥለው፣ ምላስዎን ላንቃዎ ላይ አስጠግተው፣ ቀጥ አድርገው ቀስ ብለው መክፈት።"

"እኔ የዜማ መምህር ነኝ" አልኳት።

"ለዚያ ነው አርባ ያልኩት፤ ለሌላው ሰው ሃያ ነው የምለው።" ቀጠለችና፣ "ይህን መገጣጠሚያ የሚጫነው ነገር አለ። አገጭዎን ይደገፋሉ? እንጨት ይነክሳሉ?" አለችኝ። "ምንም አላደርግም!" አልኳት፤ ተቆጣሁ መሰለኝ። "የሚያደርጉት ነገር አለ የኔታ። እርስዎ አላወቁትም" አለችኝ፤ አልተቆጣችም።

ክሊኒኩ ሄጄ ቀጠሮዬን ስሰርዝ ወጣቱ ሐኪም አፈረ። "የኔታ፣ ጥርሴን ብለውኝ እኮ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ ጥርስ ብዬ ሄድኩ፣ ጥርስ አገኘ።

ገንዘብ ከእንግዲህ አልፈልግም። እሺ ካልሽ አንድ መስታወት ላኪልኝ፤ እቤታችን ያለው የወለተ ኢየሱስን መዳፍ የምታህል ናት፣ አንድ ዓይኔን ብቻ ነው የምታሳየኝ።

አባትሽ ይስማው

*

ቤሩት፣ መስከረም 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

የኔታ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። እትዬ ወለተን ይሳሙልኝ።

ይህን የሚያደርስልዎት ማንጠግቦሽ ናት፣ የደጀን ልጅ፣ ለሁልጊዜው መመለሷ ነው። ከመስታወቱ ጋር አንድ ፎቶ ታገኛላችሁ። ፎቶው የእኔ ነው፤ ይመልሱልኛል።

አርባው ቀን እንዴት እያለፈ እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ያቺ ባለሙያ የጠየቀችዎትን ለማዳም ነገርኳት። "ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ እኔም ያንኑ ነበር የምጠይቀው" አለችኝ። እኔም የኔታ አገጫቸውን አይደገፉም አልኳት። ልምልልዎት ምንም አልቀረኝም።

ትናንት ማዳም ክፍሌ መጣች። አራት ዓመት ሙሉ አልጋዬ ራስጌ የሰቀልኩትን ፎቶ፣ አንሙት በ1990 ጥምቀት ላይ ያነሣዎትን፣ መነፅሯን አድርጋ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። "ይህ ሰውዬ በትሩን ለምንድን ነው መንጋጭላው ውስጥ የተከለው?" አለችኝ።

የኔታ፣ ይዩት። መቋሚያዎን ይዩት። መስቀለኛው ራሱ የት ነው ያረፈው? በግራ መንጋጭላዎ ሥር። ጭንቅላትዎ በሙሉ ተኝቶበታል። እኔ ይህንን ፎቶ በየቀኑ ነው የማየው፤ በየቀኑ እስመዋለሁ። አላየሁትም። እንዲያ ካልቆሙ እርስዎ እርስዎ አይመስሉኝም።

"ስንት ሰዓት እንዲህ ይቆማል?" አለችኝ። ስነግራት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ልጅዎ መሲ

*

ሁለት ወር መልስ የለም። መሲ እንደነገረችኝ፣ በዚያ ሁለት ወር ከማዳም የጄሶ ጥርሶች ሁለቱን ሰብራለች። መስከረም 26 አለፈ፤ ጽጌ ገባ፤ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደተተካ የሚነግራት የለም። ከዚያ ይህ መጣ።

*

አምበር፣ ኅዳር 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሲ፣

የጽጌን አርባ ቀን በሰላም ላስፈጸመን፣ አንቺንም በሰው አገር ለጠበቀሽ ለልዑል ስሙ ምስጋና ይድረሰው። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ነገሩ ሳያልቅ ልጽፍልሽ አልፈለግሁም።

የሲስተር ሥራነሽን አርባ ቀን አንዲት ዜማ ሳላነሣ ጨረስኩ። ስለካው ያው አንድ ተኩል ጣት። አቶ ፈንታ መጥቶ "የመንግሥት ነፃ ሕክምና ይኼው ነው፤ የደጀኑን መምህር ልጥራ?" አለኝ። በዚህ መካከል መስከረም 21 ማንጠግቦሽ ደረሰች።

ፎቶውን አየሁ። አላመንኩም። ወለተ ኢየሱስን "እኔ እንዲህ እቆማለሁ?" አልኳት።

"መች ቆመህ ታውቃለህ? ተንጠልጥለህ እኮ ነው የኖርከው!" አለችኝ።

አርባውን ቀን ዜማ ትቼ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን መቆም ግን አልተውኩም። ባላዜምኩ ጊዜማ ይብስ ተደገፍኩ። በአፌ ያዳንኩትን በመቋሚያዬ አፈረስኩት። በማግሥቱ ጧት ቅዳሴ ገባሁ። መቋሚያዬን በእጄ ብቻ ይዤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ቆሜ አላውቅም፤ ቦታው ሁሉ አዲስ ሆነብኝ። ዘወር ስል ተማሪዎቼን አየኋቸው።

መሲ፣ አርባውም መቋሚያቸውን በግራ መንጋጭላቸው ሥር ተክለዋል። አርባውም! ማንም እንዲህ ቁሙ አላላቸውም። ድምፁን ብቻ የሰጠኋቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይናቸውም ሲማር ነበር። እንዳላማውን ኋላ ጠርቼ "ጧት አፍህ ይይዝሃል?" አልኩት። አንገቱን ደፋ። "የዜማ ማዕረግ መስሎኝ ነው የኔታ" አለኝ።

ሲስተር ሥራነሽ ዘንድ ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። አየችና ሣቀች፣ ከዚያ አፏን ያዘች። "እንደገና አርባ" አለችኝ። ስንቆጥረው ኅዳር 5 ወደቀ፤ ጽጌን በሙሉ ማለት ነው።

አቶ ፈንታን "እኔ አላዜምም። ወንበሬን ግን አለቅቅም። ተማሪዎቹ ካሳፈሩህ ያን ጊዜ ጥራ" አልኩት። እንዳላማው መሪ ሆነ። እኔ መካከል ቆሜ የድጓውን ምልክት በጣቴ፣ አወጣጡንና አወራረዱን በመቋሚያዬ ነገርኳቸው፤ ከፍ ሳደርገው ከፍ አሉ፣ ሳዘነብለው ወረዱ። መቋሚያው በእጄ መሆኑ ለዚህ ጠቀመ። እነሱም ሳልነግራቸው አንድ በአንድ ከመንጋጭላቸው አነሡት።

በመጀመሪያው እሁድ የሆንኩትን ልንገርሽ። ዘመኔን ሁሉ ይህን ዜማ ከውስጥ ነው የማውቀው፤ ከራሴ አጥንት ነው የምሰማው። ከውጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ ዝም ባልኩበት እሱ ቆሞ ሲሄድ አየሁት። ግድግዳውን ሲሞላ፣ ከጣራው ሲመለስ፣ አርባ መንጋጭላ ባንድ ላይ ሲከፈት። ከእኔ ወጥቶ ነው ወይስ ከእኔ በፊት ነበር? መሬት መሬት አየሁ፤ ማልቀሴን እንዳያዩ።

አቶ ፈንታ በሦስተኛው እሁድ መጥቶ "ለደጀኑ መምህር እንዳትጠብቅ ብዬ ልኬበታለሁ" አለኝ። ይቅርታ ለማለት ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ አይወጣውም።

ኅዳር 6 እሁድ ጧት በመስታወትሽ ፊት ቆሜ ጣቶቼን ደረደርኩ። ሦስቱም ገቡ። ቋ አላለም። ወለተ ኢየሱስ እልልታዋን አቀለጠችው። አርባው ቀንም ሞልቷል፤ ማዜም እችል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፣ ዜማው ተነሣ፣ አፌም ተከፈተ። ግን አላዜምኩም። አንድ እሁድ ልጨምር ብዬ፣ ልሰማ ብዬ።

አሁን ያልተባባልነውን ልበል። ቲኬትሽን እንደሆነ የላክሽልኝ ወለተ ኢየሱስ ነግራኛለች። ለሁለት ጤነኛ ጥርስ መምጣትሽን ሰጠሽ። ፎቶሽን አልመልስልሽም፤ መጥተሽ ውሰጂው። ከእንግዲህ ምንም እንዳትልኪ፣ ራስሽን ብቻ ላኪ።

ስለ ግድግዳውም እንዲሁ። ከሥሩ እንደምትቀመጪ አውቅ ነበር። የጉባኤ ቤቱን መስኮት በክረምት ብርድ እንኳ የማላዘጋው ለምን ይመስልሻል? ተማሪዎቹ ያጉረመርሙ ነበር።

አባትሽ ይስማው

*

ደብዳቤዎቹን አንብቤ ስጨርስ መሲን ቀና ብዬ አየኋት። በዓመቱ ለጽጌ ገብታለች። ፎቶው አሁን ግድግዳዋ ላይ ነው፤ አጠገቡ ሌላ ተሰቅሏል፣ የኔታ መቋሚያቸውን እንደ ዘንግ በእጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው የቆሙበት። አጭር ሰው ነበር የሚመስሉኝ፤ ረጅም ናቸው።

"አንቺስ?" አለችኝ መሲ። "ሐኪም ቤት ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"ለግል ክሊኒክ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው" አልኳት።

"መጀመሪያ የሚዳስስሽ ፈልጊ" አለችኝ። "ደግሞ የምታደርጊው ነገር ይኖራል።"

"እኔ? ምንም አላደርግም!" አልኩ። እንደ የኔታ ተቆጣሁ መሰለኝ።

ይህን ስጽፍላችሁ ቀኝ እጄ ብዕር ይዟል። ግራ እጄ የት እንዳለ አሁን ገና አየሁት፤ ክርኔ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ መንጋጭላዬ መዳፌ ላይ ተኝቷል። አሥራ ሁለት ዓመት ለእናንተ የጻፍኩት በሙሉ እንዲህ ተደግፌ ነው! አነሣሁት። አንገቴ ግራ ገባው።

ሰኞ ጧት በአቅራቢያዬ ካለው የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ አወጣለሁ፤ ሰልፉ ላይ የምሰማውን ወሬ በነፃ አመጣላችኋለሁ። በመጪው ጽጌ ደግሞ ከመሲ ጋር አምበር እወርዳለሁ፤ የኔታ መስኮቱ ዛሬም ክፍት ነው ብለዋል። ዛሬ ማታ ስለካው ሁለት ጣት ነው የገባው። ሦስተኛው የገባ ዕለት ከባለቤቴ በፊት የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።